ሚጥሚጣ ይዤ ወደ ታይዋን

ከመሄዴ በፊት በነበረው ማታ እናቴ ሻንጣዬን ሁለት ጊዜ ከፈተችው። መጀመሪያ ቋንጣ ልትጨምር። ቀጥሎ ያወጣሁትን ቋንጣ መልሳ ልትጨምር። «እማዬ፣ እዚያ አገር ሥጋ ማስገባት ክልክል ነው፣ ይቀጡኛል» ብላት «ለራስህ ስንቅ እኮ ነው፣ ልትነግድበት ነው እንዴ?» አለች። በስንት ክርክር ተስማማን። ቋንጣው ይቀራል፤ በሶ፣ ቆሎና አንድ ብልቃጥ ሚጥሚጣ ይሄዳሉ። በር ላይ ስትሸኘኝ ግን አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ።

«አደራ፣ አሳማ እንዳያበሉህ።»

ቀላል አደራ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ከአዲስ አበባ ባንኮክ፣ ከባንኮክ ታይፔ። ታኦዩዋን አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ማስጠንቀቂያ ስለ አሳማ ነው። የአሳማ በሽታ ካለበት አገር የአሳማ ሥጋ ይዞ የተያዘ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጥፋቱ 200 ሺህ የታይዋን ዶላር ይቀጣል። በአሜሪካ ዶላር ከ6 ሺህ በላይ ማለት ነው። የሚፈሩት የአፍሪካ የአሳማ ወረርሽኝ የሚባለውን ነው። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። እኔ ከተመለስኩ ብዙም ሳይቆይ፣ እዚያው ጥቅምት ውስጥ፣ ታይቹንግ በምትባል ከተማ፣ በአንድ የአሳማ እርባታ በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኝቷል።

ጆሮው የተንጠለጠለ አንድ ትንሽ ውሻ መጥቶ ሻንጣዬን አሸተተ። በሶው ጋ ሲደርስ ቆም አለ። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ ሰለቸው መሰለኝ፣ ትቶኝ ሄደ። እናቴን በልቤ ይቅር አልኳት፤ ቋንጣው ቢኖር ኖሮ ጉዴ ይፈላ ነበር።

ወደ ከተማ በባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ርቦኝ ስለነበር ቆሎዬን አወጣሁና መቆርጠም ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ትልቅ ሴት በእጃቸው «ተው፣ ተው» የሚል ምልክት አሳዩኝና ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ጠቆሙኝ። በታይፔ የከተማ ባቡር ውስጥ መብላትም መጠጣትም ክልክል ነው። ማስቲካም ጭምር። ውሃም ጭምር! ቅጣቱ ከ1,500 እስከ 7,500 የታይዋን ዶላር። ቆሎዬን ኪሴ ከተትኩ። ሴትየዋ ፈገግ አሉና ከቦርሳቸው አንድ ከረሜላ አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። በሁለት እጅ መስጠት ለካ እነሱም ዘንድ ጨዋነት ነው። እኔም በሁለት እጄ ተቀብዬ ጎንበስ አልኩ። ከረሜላውን የበላሁት ግን ስወርድ ነው። ሕግ ሕግ ነው።

ማታ ክፍሌ ውስጥ ጋደም ብዬ ሳለ ከውጭ ሙዚቃ ሰማሁ። የቤትሆቨን የፒያኖ ዜማ፣ ግን በቀጭን የአሻንጉሊት ድምፅ። አይስክሬም የሚሸጥ መኪና ነው ብዬ ሳንቲም ይዤ ወረድኩ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል። ፒጃማ የለበሰው፣ ልጅ ያዘለው፣ ነጠላ ጫማ ያጠለቀው ሁሉ ሰማያዊ ከረጢት ይዞ ቆሟል። መኪናው ቢጫ፣ ትልቅ፣ ሽታ ያለው። የቆሻሻ መኪና!

ታይፔ ውስጥ ቆሻሻ መሬት አይነካም ይላሉ። መኪናው በሰዓቱ እየዘፈነ ይመጣል፣ ባለቤቱ በእጁ ይጥላል። ከረጢቱን ገዝተህ ነው፤ ብዙ የሚጥል ብዙ ይከፍላል። ይህ ከ2000 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። የምግብ ትራፊ ለብቻው ነው፤ ያልበሰለው ለማዳበሪያ፣ የበሰለው ለአሳማ ቀለብ ይሄድ ነበር። ከመኪናው ሠራተኞች አንዱ እጁን አውለብልቦ ከረጢቴን እንድሰጠው ጠየቀኝ። እኔ ግን የያዝኩት ሳንቲም ብቻ ነበር።

ማክሰኞ

የሰፈሬ ቁርስ ቤት በር ላይ አንዲት ወፍራም ሴት ሊጥ እየዳመጡ ነበር። ሲያዩኝ «ሹዋይ-ገ!» አሉ። «መልከ መልካሙ ወንድሜ» እንደማለት ነው። ደረቴን ነፋሁ። ቀጥሎ የገባውንም፣ 80 ዓመት የሚሆነውን ሽማግሌ፣ «ሹዋይ-ገ!» አሉት። ደረቴ ተነፈሰ። ቁርስ ቤት ሁሉም ወንድ ቆንጆ ነው፣ ሁሏም ሴት ቆንጆ ናት። በጠዋት ከዚህ የተሻለ ነገር ማን ይሰማል?

ቁርሱ ትኩስ የአኩሪ አተር ወተት፣ ክንድ የሚያክል የተጠበሰ ሊጥ፣ እና በእንቁላል የተጠቀለለ ስስ ቂጣ። ሊጡን ወተቱ ውስጥ እየነከርክ ትበላለህ። እኛ ቦምቦሊኖ ሻይ ውስጥ እንደምንነክረው። የወተቱ ጨዋማ ዓይነትም አለ፤ ሆምጣጤ ሲነካው እንደ አይብ ይቋጠራል። ሁለቱንም ሞክሬ ጨዋማው በለጠብኝ።

ከቁርስ በኋላ ሎንግሻን ቤተ መቅደስ ሄድኩ። በ1738 የተሠራ ነው፤ በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በእሳትና በጦርነት ፈርሶ መልሶ ተሠርቷል። ጠረጴዛዎቹ ላይ ፍራፍሬ፣ ብስኩት፣ ፓስታ ሳይቀር ተደርድሯል። አማልክቱ ካዩት በኋላ ባለቤቱ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል፣ አይባክንም። ሰዎች ቀይ የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ሁለት እንጨቶች ወለሉ ላይ ይወረውራሉ። አንዱ በጀርባው፣ አንዱ በሆዱ ካረፈ መልሱ «እሺ» ነው። ሁለቱም በሆዳቸው ከተደፉ «አይሆንም»። ሁለቱም በጀርባቸው ከተንጋለሉ ደግሞ አምላኩ ይስቃል ይባላል፤ ጥያቄህን አስተካክለህ እንደገና ጠይቅ ማለት ነው። አንዲት ተማሪ መሳይ ልጅ አራት ጊዜ ስትወረውር አየሁ። አራቱንም ጊዜ ተሳቀባት።

ምሳ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ገበያ ውስጥ ያለ ተራ ምግብ ቤት ገባሁ። እርሳስና ወረቀት ይሰጡሃል፣ የምትፈልገውን ምልክት አድርገህ ትመልሳለህ። ከሩዝ ጋር የሚመጣው ታዋቂው ምግባቸው፣ «ሉ-ሮው-ፋን» የሚሉት፣ በአኩሪ አተር ስጎ የተቀቀለ የአሳማ ሥጋ ነው። ይህን አስቀድሜ አጥንቻለሁ። ስለዚህ ብልጥ ሆኜ ነጭ ሩዝና የተቀቀለ ጎመን ብቻ አዘዝኩ። በጎመን ማን ይሳሳታል?

ጎመኑ መጣ። ያብረቀርቃል። ላዩ ላይ ቡናማ ስጎ ፈሶበታል። ሁለት ጉርሻ በላሁ፣ ጣፈጠኝ፣ ሦስተኛውን ሳነሳ ስጎው ውስጥ ጥቃቅን ነገር አየሁ። የቤቱን እመቤት ጠራሁና በስልኬ አስተርጓሚ «ይህ ምንድን ነው?» አልኩ። «ጎመን» አሉ። «ላዩ ላይ ያለው?» «የአሳማ ስጎ።» «አሳማ አልበላም እኮ!» ሴትየዋ ሳህኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከልባቸው ግራ ተጋቡ። «ይሄ ሥጋ አይደለም፤ ጎመን ነው» አሉ።

አልዋሹም። እዚያ አገር የተፈጨ የአሳማ ስጎ ሥጋ አይባልም፣ ማጣፈጫ ነው። እኛ ወጥ ላይ ቂቤ ጣል እንደምናደርገው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የማልፈልገውን ነገር በቃሌ መናገር ነበረብኝ። የዚያን ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር በቃሌ አጠናሁ። «ዎ ቡ ቺ ጁ-ሮው።» አሳማ አልበላም። ከዚያ በኋላ በየደረስኩበት እንደ ዳዊት ደገምኳት።

ማታ ራኦሄ የማታ ገበያ። መግቢያው ላይ በ1753 የተመሠረተው ጺዮ ቤተ መቅደስ በፋኖስ ተጥለቅልቋል። ከሥሩ ረጅም ሰልፍ አለ። ሰልፉ እንደ እንስራ ሆዱ የሰፋ የሸክላ ምድጃ ጋ ያልቃል። ልጆቹ ሥጋና ቁንዶ በርበሬ የተሞላ ሊጥ ከምድጃው ውስጠኛ ግድግዳ ጋር ይለጥፋሉ፣ ሰሊጡ ሲቀላ በመቆንጠጫ ያወጡታል። ሽታው ያሳብዳል። «ዎ ቡ ቺ…» ብዬ ሳልጨርስ ልጁ ራሱን ነቀነቀ። አሳማ ነው። ቀጥሎ ያለው ጋሪ ላይ በእንጨት የተሰካ፣ የለውዝ ዱቄት የተነሰነሰበት ጥቁር አይስክሬም መሳይ ነገር አለ። የአሳማ ደም በሩዝ። እናቴ ትታየኝ ጀመር።

የሚሸተው ቶፉ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው አይብ መሳይ ነገር ጋ ስደርስ ግን በደስታ ቆምኩ። ፈረንጆች አፍንጫቸውን ይዘው ነው የሚያልፉት። እኔ ቆጮ አውቃለሁ። ከጉድጓድ ገና የወጣ ቆጮ ሽታው ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነግጥም። ከላይ ደረቅ ብሎ የተጠበሰ፣ ከውስጥ ለስላሳ፣ ከጎኑ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን። ሽታው አፍ ውስጥ ሲገባ የት እንደሚጠፋ አላውቅም። ሁለት ሳህን በላሁ። በላብ የተጠመቀው ሻጭ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ረቡዕ

ዛሬ ጾም ነው። አቦም ናቸው። በዚህ አገር እንዴት ልጾም ነው ብዬ ስጨነቅ ያደርኩት በከንቱ ነበር።

ታይዋን ውስጥ ልታውቃት የሚገባት አንዲት ፊደል አለች፤ «ሱ» ትባላለች። ምልክቷ በትልቁ የተጻፈበት ቤት ሁሉ የጾም ነው። የሚበዙት የቡድሃ ተከታዮች ወይም የሌላ ሃይማኖት ጿሚዎች የሚመገቡባቸው ናቸው። የምግብ እሽጎች ላይ ደግሞ የጾሙ ዓይነት በሕግ ይጻፋል፤ አምስት ዓይነት ነው። ፍጹም ጾም፣ እንቁላል የሚፈቅድ፣ ወተት የሚፈቅድ፣ ሁለቱንም የሚፈቅድ፣ እና ሽንኩርት የሚፈቅድ። አዎ፣ ሽንኩርት!

ይህን ያስረዱኝ የምግብ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ደንበኛው ሁሉ «አዪ» ይላቸዋል፣ አክስቴ ማለት ነው። እኔም «አዪ» አልኳቸው፤ ሌላ ስማቸውን አልጠየቅኩም። ቤታቸው ውስጥ 40 የሚሆን የምግብ ዓይነት ተደርድሯል። ሳህንህን ትሞላለህ፣ ሚዛን ላይ ታስቀምጣለህ፣ በክብደት ትከፍላለህ። የስኳር ድንች ቅጠል፣ አምስት ዓይነት እንጉዳይ፣ የቶፉ ቆዳ፣ ከስንዴ ተሠርቶ ሥጋ የሚመስል ነገር። ሞልቼ 130 የታይዋን ዶላር ከፈልኩ።

ጣዕሙ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ቆየሁ። ሽንኩርት የለም። ነጭ ሽንኩርትም የለም። አዪ እንዳሉት ጥብቅ ጿሚ አምስቱን ሽታ ያላቸውን ተክሎች አይነካም፤ ስሜትን ይቀሰቅሳሉ ተብሎ ይታመናል። እኔ ደግሞ ወጥ ማለት ሽንኩርት ነው ከሚሉ ሰዎች ነው የመጣሁት። እናቴ ሽንኩርት ስታቁላላ ስንት ሰዓት እንደምትቆም ለአዪ ልነግራቸው ፈለግሁ፤ አስተርጓሚዬ «ቁሌት» የሚለውን ቃል አላወቀውም።

የእኛን ጾም ግን ጠየቁኝ። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ ሲደመር በዓመት ከ180 ቀን ያላነሰ፤ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፣ አጥባቂው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፉን አይከፍትም ስላቸው ማማሰያቸውን አስቀመጡ። «ሽንኩርትስ?» «ይበላል።» «ታዲያ ምኑ ከበዳችሁ?» ብለው ሳቁ።

እዚያ ብዙ ሰው በጨረቃ ወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ብቻ ይጾማል። ጠዋት ብቻ የሚጾሙም አሉ፤ ቁርሱን የጾም በልቶ ምሳ ላይ ሥጋ። የእኛ ግልባጭ! በጣም የወደድኩት ግን «ግዎ-ቢየን-ሱ» የሚሉትን ነው፤ «የድስት ዳር ጿሚ» ማለት ነው። ሥጋ ያለበት ድስት ውስጥ ሥጋውን እየገፋ አትክልቱን የሚለቅም። እንዲህ ዓይነት ሰው እኛም ሰፈር አለ። ስም ግን አላወጣንለትም።

ሲመሽ ወደ ታይናን። ፈጣኑ ባቡር ከ2007 ጀምሮ የሚሠራ ነው፣ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደቡብ ደረስኩ። ባቡር እየጠበቅኩ ከሱቅ ውሃ ገዛሁና ደረሰኙን ሳየው ዓመቱ «114» ይላል። ደነገጥኩ። እነሱ የሚቆጥሩት ሪፐብሊኩ ከተመሠረተበት ከ1912 ነው። ለካ በገዛ ዓመቱ የሚኖር አገር እኛ ብቻ አይደለንም። ፈረንጁ 2025፣ እኛ 2018፣ እነሱ 114። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ደረሰኙን እንዳልጥል በምልክት ነገረኝ። እያንዳንዱ ደረሰኝ የሎተሪ ቲኬት ነው! ነጋዴ ደረሰኝ እንዲቆርጥ መንግሥት ከ1951 ጀምሮ ያመጣው ዘዴ ነው። በየሁለት ወሩ ይወጣል፣ ትልቁ ዕጣ 10 ሚሊዮን የታይዋን ዶላር። ገዢው ራሱ «ደረሰኜን!» ብሎ ይጮኻል፤ ግብር ሰብሳቢ ማስቸገር የለም። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ደረሰኝ ሰብሳቢ ሆንኩ።

ሐሙስ

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነሣሁ። ለቁርስ። እንቅልፌን ለምግብ ብዬ የሠዋሁት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ታይናን የቀድሞዋ ዋና ከተማ ናት። ሰዎቿ በጠዋት የበሬ ሥጋ ሾርባ ይጠጣሉ። ቤቶቹ ጨለማ ሳይገፍ ይከፈታሉ፣ ሥጋው ሲያልቅ ይዘጋሉ። ምሥጢሩ ሥጋው ነው። የታይዋን የበሬ ሥጋ አብዛኛው በበረዶ ሆኖ ከውጭ የሚገባ ነው። እዚህ ግን አጠገብ ካለው ሻንሁዋ ቄራ ሌሊት ታርዶ፣ ማቀዝቀዣ ሳይነካው ይመጣል።

የገባሁበት ቤት በር የለውም፤ መንገድ ላይ የተዘረጋ የብረት ጠረጴዛ ነው። ሰውየው ቀዩን ብልት አጋድሞ በስስ ይቆርጣል። እጁን ሳየው ከእኛ ሥጋ ቤት ቆራጮች አላነሰም። ጥሬውን ሥጋ ሳህን ውስጥ ያነጥፈዋል። ከዚያ ከአጥንት የወጣ የፈላ መረቅ በጭልፋ ያፈስበታል። በቃ። ሥጋው ዓይንህ እያየ ከቀይ ወደ ሮዝ ይለወጣል። ቶሎ ካልበላኸው ይበስልብሃል፣ እና መብሰሉ እንደ ጥፋት ይቆጠራል።

እኔ ከጥሬ ሥጋ አገር ነው የመጣሁት። በሦስተኛው ጉርሻ ዓይኔን ጨፈንኩ። ለስላሳ፣ ጣፋጭ፣ ደም ደም የማይል። ከጎኑ በቀጭኑ የተከተፈ ዝንጅብልና ወፈር ያለ የአኩሪ አተር ስጎ ይሰጡሃል። ስጎው ጥሩ ነው፤ ግን ጣፋጭ ነው። ታይናን ሁሉ ነገር ስኳር አለው፤ ከሆላንዶች ዘመን ጀምሮ የሸንኮራ አገር ነው። እና እዚያው ላይ ትዝ አለኝ።

ሚጥሚጣው!

ብልቃጡን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሰውየው መቁረጡን አቆመ። በዝንጅብሉ ሳህን ጠርዝ ላይ ትንሽ ጣል አደረግሁ፣ አንዱን ቁራጭ ነካ አድርጌ ጎረስኩ። የናፍቆት ስሜት እንደዚያ አፍንጫ ድረስ ሲመጣ አላውቅም። ሰውየው እጁን ዘረጋ። «ያቃጥላል» ብዬ በምልክት ነገርኩት። በቢላው ጫፍ ጥሬ ሥጋ አንስቶ ሚጥሚጣው ላይ አሳረፈና ዋጠው። ፊቱ መጀመሪያ ምንም አልሆነ። ቀጥሎ ቀላ። ቀጥሎ ወደ ኋላ ዞሮ ሚስቱን ጠራት። ቀጥሎ ጎረቤቱን። ብልቃጡ በጠረጴዛው ዞረ። አንድ ሽማግሌ እንባቸውን እየጠረጉ በታይዋንኛ «ጪያ ፓ ቡዌ?» አሉኝ። ጠግበህ በላህ? ማለት ነው። የድሮ ሰዎች ሰላምታ ይህ ነው፤ ደህና ነህ ከማለት በፊት በልተሃል ወይ ነው። «አልሐምዱ» እንደሚባለው ደረቴን መታ መታ አድርጌ መለስኩ።

ስለ በሬ ሌላም ነገር ሰማሁ። በዕድሜ የገፉ ብዙ ታይዋናውያን የበሬ ሥጋ አይቀምሱም። ሃይማኖት አይደለም። ሲያርስ የኖረን በሬ መብላት ውለታ መርሳት ነው ይላሉ። የሆቴሌ እንግዳ ተቀባይ ልጅ አያቷ ቤት እያሉ የበሬ ሾርባ እንደማታመጣ ነገረችኝ። የእኛ ገበሬ በሬውን በስም እየጠራ፣ እያሞገሰ ያርሳል፤ ሲያረጅ ግን ወደ ቄራ ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ።

ከሰዓት አንፒንግ ሄጄ ሆላንዶች በ1624 መሥራት የጀመሩትን ምሽግ አየሁ። በ1662 ኮክሲንጋ የተባለው የጦር መሪ ዘጠኝ ወር ከብቦ አስለቀቃቸው። ቀይ ጡብ ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። ጥላ ፈልጌ ወጣሁ።

ዓርብ

ጾም። የሆቴሉ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ አረንጓዴ የብስኩት ከረጢት ሦስት ቀን እንዳየሁት ነው፣ ማንም አይበላውም። ዛሬ ጠየቅሁ። «ጓይ-ጓይ» ይባላል፤ «ጨዋ ሁን» እንደማለት። ኮምፒውተሩ ጨዋ እንዲሆን ነው የተቀመጠለት! ሆስፒታልና ባንክ ሳይቀር ማሽን ላይ ያስቀምጡታል። አረንጓዴ መሆን አለበት፤ አረንጓዴ መብራት ይሠራል እንደማለት ነው። ጊዜው ካለፈበት ደግሞ ማሽኑ ያምፃል። ልጅቷ ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሳትስቅ ነው። አንድ ለአዲስ አበባ ኢንተርኔቴ ገዛሁ።

የታይናን ጾም ቀላል ነው። ጠዋት ቶፉ ከመሆኑ በፊት የሚጠጣ የሚመስል ለስላሳ ነገር በዝንጅብል ሽሮፕ በላሁ። ቀን ላይ «አይ-ዩ»። አንዲት ሴት የበለስ ዘመድ የሆነ ተክል ዘር በጨርቅ ቋጥረው ውሃ ውስጥ ሲያሹት አየሁ። ምንም እሳት የለም፣ ውሃው ብቻውን ይረጋል። ተልባ ውሃ ውስጥ ሲያድር እንደሚልገው፣ ግን ይህ ጄሊ ይሆናል። ሎሚና በረዶ ይጨምሩበታል።

ያ በጥቁር ኳሶች የተሞላው የወተት ሻይም ጉዳዩ እዚህ ነው። ታይናን ያለው ሃንሊን ሻይ ቤት «እኔ ነኝ የፈጠርኩት» ይላል። ታይቹንግ ያለው ቹን ሹዊ ታንግም «እኔ ነኝ» ይላል። ሁለቱም በ1980ዎቹ ነው የሚሉት። አሥር ዓመት ተካሰሱ። በ2019 ፍርድ ቤቱ በቃ፣ መጠጡን ማንም መሥራት ይችላል፣ ማን ፈጠረው ብሎ መከራከር አያስፈልግም አለ። ኳሶቹ የሚሠሩት ከካሳቫ ስታርች ነው፤ ወላይታና ጋሞ ከሚበላው ካሳቫ። ወተት ስለማልጠጣ በጥቁር ሻይ አዘዝኩ፣ «ግማሽ ስኳር» ብዬ። በታይናን ግማሽ ስኳር ማለት ምን ያህል እንደሆነ አይጠየቅም።

ማታ ታይፔ ተመለስኩ።

ቅዳሜ

ማኦኮንግ ከመካነ አራዊቱ አጠገብ በኬብል ካር የሚወጣ የሻይ ተራራ ነው። ኬብሉ በ2007 የተከፈተ ነው። ከታች ሙዝና ቀርከሃ፣ ከላይ ጭጋግ። የሚታወቀው ሻይ ቲየጓንዪን ይባላል፤ እሳት ላይ ቆይቶ የተቆላ ሽታ ያለው ኡሎንግ።

አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቱ ትንሽ ማንቆርቆሪያ፣ ስኒ የሚያካክሉ ኩባያዎችና ትሪ አመጣ። የመጀመሪያውን ውሃ በቅጠሉ ላይ አፍስሶ ወዲያው ደፋው፤ ቅጠሉን ለማንቃት ነው። ቀጥሎ ቀጭን ረጅም ስኒ ሞልቶ ወደ ሌላ ስኒ ገለበጠውና ባዶውን ሰጠኝ። አሽትት ማለቱ ነው። እኛ ቤት ቡና ተቆልቶ ምጣዱ ሲዞር ጢሱን በእጃችን ወደ አፍንጫ እንደምንስበው። ከመጠጣቱ በፊት ሽታው ድርሻ አለው፣ እዚያም እዚህም።

ልዩነቱ ግን አለ። እኛ አቦል ነው ንጉሡ። ቶና ይከተላል፣ በረካ ላይ ሲደርስ ቡናው ቀጥኖ ወሬው ነው የሚወፍረው። እነሱ ዘንድ የመጀመሪያው ገና ነው። ቅጠሉ የሚከፈተው በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው፤ ሻዩን የሚያውቅ ሰው እነሱን ይጠብቃል። ስድስት ዙር ጠጣን። አራተኛው ላይ አንድ የማር የመሰለ ነገር መጣ፣ አምስተኛው ላይ ጠፋ፣ ደግሜ ላገኘው ብፈልግ አልተመለሰም። ሁለት ሰዓት አለፈ። ማንም «ሂሳብ» አላለኝም።

ከተራራው ወርጄ የገባሁበት ትንሽ ቡና ቤት ሰሌዳ ላይ ደግሞ «የጂያ-ሹዌ-ፌይ» የሚል አለ። አስተናጋጁ ሲጠራው ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ይርጋጨፌ! በቻይንኛ ፊደል ሲጻፍ ሦስተኛዋ ፊደል «በረዶ» ማለት ናት። በረዶ ይርጋጨፌ መቼ እንደጣለ እንጃ። ከሰሌዳው ላይ ጉጂም ሲዳማም ነበሩ። «ከዚያ አገር ነኝ» ስለው ልጁ ተነሥቶ ቆመና እንደ መምህር ይጠይቀኝ ጀመር፤ ስለ ከፍታው፣ ስለ አጠባው፣ ስለ አደራረቁ። ስለ ይርጋጨፌ ቡና ከእኔ የበለጠ ያውቃል። እኔ የማውቀው እጣኑን፣ ፈንዲሻውንና ሐሜቱን ነው። በደንብ ቀድቶ ሰጠኝ። ወዝ ያለው፣ ሎሚ ሎሚ የሚል፣ ሻይ የመሰለ ቡና ነበር። ስኳር ስጠይቀው ግን ፊቱ ተለወጠ።

እሑድ

ሻንጣዬ ውስጥ አናናስ የተሞላ ብስኩት፣ ሻይ፣ አንድ ጓይ-ጓይ። ሚጥሚጣው ታይናን ቀረ፤ ሾርባ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከዝንጅብሉ አጠገብ ትቼው መጣሁ። ደረሰኞቼ 31 ደረሱ። ዕጣው የሚወጣው በኅዳር አጋማሽ ስለሆነ፣ ሱቅ ውስጥ ለበጎ አድራጎት ደረሰኝ የሚሰበሰብበት ሳጥን ውስጥ ከተትኳቸው። አንዷን ግን ለራሴ አስቀረሁ። የጎመኗን።

አውሮፕላን ማረፊያ ሆኜ እማዬ ደወለች።

«አሳማ አበሉህ እንዴ?»

«ኧረ ጎመን ነው የበላሁት» አልኳት።